እጁን ኪሱ ከቶ

ከደሴ ቁልቁል ነው፤ ሃረጎ ሲጣመም
አውቶብሱ ያቃስታል እንደ ጉልበት ሕመም።
ጉሙ ከላይ ቀርቶ ሙቀቱ ሲቀበል
ይመር አበጋዝ ነው፣ በመስኮቱ በኩል
ባዶ አየር የሚመታ በቀኝ እጅ ጣቱ፤
«ደህና ነው?» ይላሉ አጠገቡ ያሉቱ።

ደህና ነው። ያን ጊዜ ከሶፍያ ሲመጣ
አምስት ዓመት ቆይቶ፣ ይዞ ሁለት ሻንጣ፣
ባንዱ ጥቁር ሱፉ፣ ጅራቱ የረዘመ፣
ባንዱ ወረቀት ነው፣ በነጥብ የታመመ።
«የተማርኩት መምራት» ቢል፣ ሰዉ ተጠራጥሮ
«ወረዳ ነው? አውራጃ?» አለው ተቸግሮ።

ተመደበ እንጂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣
ቀን ቀን አቡጀዲ በሜትር ሲለካ።
ማታ ግን ለእኛ ነው፣ ለሠላሳ አንድ ሰው፣
ጥጥ የጠጣ ሳንባን ነሐስ ሊያስነፋው።

ሁለተኛ ክላርኔት ነበርሁ እኔ ራሴ፤
ሁለተኛ ማለት፣ ዜማው ወደ ደሴ
ሲያልፍ መንገድ ዳር ቆሞ እጅ የሚነሳ ነው።
ቱባውን ዘበኛው ሙሄ እንደ ልጅ አቀፈው።
ዘምዘም ከመፍተያው፣ የክር ሰው ናትና
ፍሉት ትነፋለች ትንፋሽ አቅጥና።
አራጋው በሲምባል፣ ቆጥሮ መቶ ሃያ ምት
አንዴ ነው ሚመታ፤ እሷንም ቀድሞ መታት።

ይመር አይቆጣም፤ እንዝርቱን ያቆማል
(የሶፍያው ተሰብሮ የእናቱን ይዟል)፤
«ከራስጌ» ይለናል፣ «ከራስጌ፣ ቀስ ብሎ።
ዝምታም ተጽፏል፤ አይታለፍ ተዘሎ።»

አሥራ አንድ ዓመት ጻፈ አንድ ሥራ ብቻ፣
ርዕሱም አጭር ነበር፦ «ሌሊት፣ ኮምቦልቻ»።
ወረቀት ሲጠፋ ደሞዝ መክፈያው ላይ፤
አንዱን ቅጠል አንስቶ ገልብጦ ለሚያይ፣
«ዘምዘም ሰይድ፣ ቅጣት፣ ብር ሁለት ከሃምሳ»፤
በጀርባው ፍሉቷ ሽቅብ ነው፣ እስከ ጦሳ።

ሦስተኛው ክፍል ላይ አራት ዓመት ቆመ፤
ከባቲ አምባሰል መንገድ አልተተለመ
በድምፅ። በመኪናማ ግማሽ ቀን ነው፣ ከነምሳው።
«በድምፅ ግን» ይል ነበር፣ «አዝዋ ገደል አለው።»
አንድ ሌሊት ታዲያ፣ ፈረቃ ሲቀየር
ሳይረኑ ጮኸና፣ ያ ድምፅ ድልድይ ነበር።

ያንለት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ፣
ከፊሉ ዝናብ ሽሽት፣ ከፊሉ ተጠርቶ፣
ሁለተኛው አልቆ ሦስተኛው ሊጀመር
እንዝርቱ ሲነሳ

ድርግም።

አላቆምንም እኛ። እጁ ባይታየንም
ስንት ዓመት ሰምተነው ዓይን አልፈለግንም።
ሙሄ ከታች ሲያጓራ፣ ዘምዘም ላይ ስትፈትል
ባቲ ተነስቶ ሄደ፣ ሊደርስ ከአምባሰል።
ለእኔ እንኳ በዚያ ጨለማ፣ መንገዱን ስቶ መሰለኝ፣
ዜማው በሬን አንኳክቶ አራት ምት ያህል አደረኝ።
አራጋው ቆጠረ፦ መቶ አሥራ ዘጠኝ፤ ጠበቀ፤
መቶ ሃያ ላይ መታው፣ አዳራሹ ተሰነጠቀ።

መብራቱ ሲመጣ ጨርሰናል። ቆሟል።
እንዝርቱ መሬት ላይ፣ እጁ ኪሱ ገብቷል።
«ጋሼ፣ በጨለማው ትመታ ነበር ወይ?»
«ሞኝ ነህ» አለኝ፣ «እጅ በጨለማ ሊታይ?
አዳመጥሁ እንጂ። ገና ዛሬ፣ ለመጀመሪያ።»
ሱፉን አራገፈ፤ ዝናቡ አላባራም ነበር።

አልተደገመም በቃ። ባንዱ በደብዳቤ ፈርሷል፤
ቱባው ንብረት ክፍል ነው፣ ዶሮ ታቅፎበታል።
ድርሰቱን መዝገብ ቤት ወረሰው፣ በፊቱ፦
«የደሞዝ ሰነድ ነው፤ አይወጣም ከቤቱ።»

እና ይኸው አውቶብሱ፣ ይኸው ሃረጎ፣ ይኸው እሱ፤
ሁለት ወንበር ከኋላው እኔ፣ ስንት ክፍል እንደቀረ በልቤ የማስታውሱ።
ሰባተኛው መታጠፊያ። አሁን መብራቱ ጠፍቷል።
አጠገቡ ያሉት «ተሻለው» ይላሉ፤
እጁን ኪሱ ከቷል።
ትንፋሽ ያዝሁ።
መግቢያዬ ደርሷል።